ገበርና ኪስ ያለው ጀልባ

አባቴ ከሞተ አራት ወሩ ነው። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው መጀመሪያ «ያጽናሽ» ይለኛል። ቀጥሎ ግራ ቀኝ ያይና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ የምለው፣ ያ በመስኮት የወረደው ነገር ምን ነበር?» ይለኛል። ጀልባ ነው ስለው ይስቃል። ከዚያ ሐዘንተኛ ፊት መሳቁ ይከነክነውና በውሸት ያስላል። በየመንገዱ ከማወራው አንዴ ልጻፈውና ልረፍ ብዬ ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ማክሰኞ ይለዋል። ልብሴ መቼ ይደርሳል ላለው ሁሉ መልሱ ማክሰኞ ነው። ሰኞም ይጠየቅ፣ ሐሙስም ይጠየቅ፣ ራሱ ማክሰኞ ቀን ሱቁ ድረስ መጥተው ይጠይቁት፣ ማክሰኞ ነው። የሚቀየመው ግን አልነበረም፤ የሰፋው ልብስ አንዴ ከደረሰ ሰውነት ላይ አብሮ የተፈጠረ ይመስላል። ልኩ ያልሆነ ልብስ ከሱቁ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ሱሪውን ለብሶ፣ አመስግኖ፣ ሊወጣ ያለውን ሰው በር ላይ ይዞ አስወልቆታል፤ የግራው እግር በግማሽ ጣት ይረዝማል ብሎ። ሰውየው ያን ቀን የእኔን ሽርጥ አገልድሞ ነው ቤቱ የገባው።

እኔ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ጀምሮ አጠገቡ ነበርኩ። ቁልፍ እተክላለሁ፣ እቀመቅማለሁ፣ እለካለሁ።

አባቴ ታሞ ሐኪሙ ሥራ ያቁም ባለበት ሳምንት ሱቁን ስናጸዳ፣ ባለቤቱ ዘጠኝ ዓመት ሳይመጣለት የተሰቀለ አንድ ኮት ኪስ ውስጥ ሦስት የታጠፉ ገጾች አገኘን። ከመጽሐፍ የተቀደዱ ናቸው። በረዶ አገር የሚኖሩ ሰዎች ጀልባ እንዴት እንደሚሠሩ ይተርካሉ። ቀጫጭን እንጨት በጅማት ታስሮ እንደ ዓሣ አጥንት ይቆማል፤ ሚስማር የሚባል ነገር የለውም። በላዩ ቆዳ ይሰፋበታል። አንድ ሰው ብቻ መሃሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ገብቶ፣ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥበታል። ካያክ ይሉታል። አባቴ እስከዚህ ድረስ ጋዜጣ እንደሚያነብ ሰው ነበር። መለኪያው ጋ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ።

ርዝመቱ፣ ባለቤቱ ሁለት እጁን ዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው፣ ሦስት ጊዜ። ስፋቱ፣ የባለቤቱ ዳሌና ሁለት ጭብጥ፤ ጭብጡ የእንጨቱ ድርሻ ነው። ጥልቀቱ፣ አንድ ጭብጥ አውራ ጣቱ ወደ ላይ ተቀስሮ።

«ይሄ ጀልባ አይደለም» አለ። «ልብስ ነው። በልክ የሚሰፋ ልብስ። አናጢዎች ናቸው ሥራችንን የቀሙን።»

ምሳ ላይ ለእናቴ ነገራት።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «ገላህን ስትታጠብ እንኳ ባልዲው ጥልቅ ነው የምትል ሰው ነህ።»

«ለዚያ ነው ልክ የሆነ የሚያስፈልገኝ።»

«ሐኪሙ ዕረፍ ነው ያለህ።»

«ተቀምጬ እኮ ነው የምሄደው።»

ይህን ብሎ ግን አልሳቀም። እንጀራ ፍለጋ ያጎነበሰው ጀርባው ወንበሩ ላይ ቀና ሲል አየሁት። «አንድ ጊዜ ውሃ ላይ ልልበሰው» አለ። «አንድ ጊዜ ብቻ። እስከ ዛሬ የሰፋሁትን ሁሉ የለበሰው ሌላ ሰው ነው።» እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። በሽታው ምን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ሐኪሙ በወር እንጂ በዓመት አልቆጠረልንም።

«ሳሎን ውስጥ ቀለም እንዳይንጠባጠብ» አለች። እሺ ማለቷ ነበር።

ቤታችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሶፋው ተነሥቶ መኝታ ቤት ገባ፤ እናቴ አልጋዋ ላይ ለመድረስ በሶፋው ላይ መራመድ ነበረባት። እንጨቱን የሰጠን ፊት ለፊታችን ያለው አናጢ ነው። ረጃጅም ዘንጎች ሰንጥቆ በትከሻው አመጣና ሚስማሩን የት የት እንደሚመታ ጠየቀ።

«ሚስማር የለውም» አለው አባቴ። «በክር ነው።»

«በምን?»

«በክር። በሰም የታሸ ክር።»

አናጢው ዘንጎቹን አየ፣ አባቴን አየ፣ መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞረ። «የኔ ልጅ፣ አባትሽ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል?»

«ይወስዳል።»

«እንግዲያው ይቀንሱለት።»

ሆኖም በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ ሊያርመን ሳይሆን አይቀርም። ጎድኖቹን ለማጉበጥ እንጨቱን በእንፋሎት ማለስለስ ያስፈልጋል ይላል ገጹ። አባቴ እንፋሎት ካወቀ አርባ ዓመቱ ነው። ርጥብ ጨርቅ ጣል እያደረገ ጎድኖቹን በካውያ ተኮሳቸው። ሠላሳ አንድ ጎድን። አናጢው ወንበር ስቦ፣ እጁን አጣጥፎ፣ እንጨት ሲተኮስ ሲያይ ዋለ። ማታ ለሚስቱ ምን እንዳላት አላውቅም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሴትየዋ ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር እጄን ይዛ «አይዞሽ» ትለኝ ነበር።

ከእንጨቱ በፊት ልክ መወሰድ ነበረበት። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትነው፤ ስሕተቱም የሙያችን ነው። እኛ ሱቅ ደንበኛ ራሱን አይለካም። ደንበኛ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ መስታወት ያያል፣ ዝም ይላል። ሜትሩ ያለው በሰፊው አንገት ላይ ነው። ስለዚህ አባቴ መስታወቱ ፊት ቆመና «እኔ ዛሬ ደንበኛ ነኝ» አለኝ። «ለኪኝ።»

ለካሁት። እጄን ዘርግቼ ርዝመቱን መሬት ላይ ሦስት ጊዜ ወሰድኩ። ወለሉ ላይ አስቀምጬው በዳሌው ግራና ቀኝ ጭብጤን አስገባሁ። አውራ ጣቴን ቀስሬ ጥልቀቱን በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። እሱም ቁጥሮቹን በደብተሩ ላይ ጻፈ፤ ከላይ ደግሞ የደንበኛ ስም በሚለው ቦታ የራሱን ስም፣ መረከቢያ ቀን በሚለው ቦታ ማክሰኞ።

የመጀመሪያው ልኬት ቀን እናቴ ትልቁን መስታወት አቅፋ ቆመች። አባቴ በክር የታሰረው የእንጨት አጽም ውስጥ ለመግባት ሞከረ። ዳሌው ገባ፤ ጭኑ ግን ከላይኛው አግዳሚ ሥር አልገባ አለ።

«ጠቦኛል» አለ ደንበኛው።

«ሲለበስ ይለቃል» አለ ሰፊው። ሁለቱም እሱ ነው።

«ለስንት ጊዜ ነው የምመላለሰው?»

«ማክሰኞ ይደርሳል አልኩህ እኮ።»

«ባለፈውም ማክሰኞ ነበር ያልከኝ።»

እናቴ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና፣ «ሁለታችሁም ዝም በሉ፤ ክንዴ ዛለ» አለች።

አናጢው መሃል ገብቶ አግዳሚውን ከፍ እናድርገው ቢልም አባቴ አልሰማውም። የተለካ ነገር በግምት አይነካም። እንግዲህ በየማክሰኞው ልኬት ሆነ። በሽታው የራሱን ሥራ ይሠራ ስለነበር፣ እኛ እንጨቱን ሳንነካው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይሰፋው ጀመር። ሰዎች ከሳህ ሲሉት «ልኬት ላይ ነኝ» ይላቸዋል።

በዚህ መሃል ልባሱ ነበር። በረዶ አገር ያሉት የእንስሳ ቆዳ ነው የሚሰፉት። እኛ ያገኘነው የአጎቴን የጭነት መኪና አሮጌ ሸራ ነው። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሹፌር ነው፣ በበር ሲገባ ጎኑን አስቀድሞ የሚገባ ግዙፍ ሰው። ሸራው ላይ በቀይ «ረጅም ተሽከርካሪ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። አባቴ ጽሑፉ ከኋላ እንዲውል አድርጎ ቆረጠው። «የሚከተለኝ ካለ ይወቀው» አለ።

ከዚያ ገበር አለ። ከውስጥ፣ እግር የሚያርፍበት፣ ሰማያዊ የኮት ገበር። ከዚያ ኪስ አለ።

«ውሃ ላይ በኪስ ምን ይያዛል?» አለው አናጢው።

«መሐረብ።»

«መሐረብ ለምን?»

«ልብስ ኪስ ከሌለው ጆንያ ነው። እኔ ጆንያ ሰፍቼ አላውቅም።»

አንድ ማክሰኞ፣ ገበሩን ቆርጠን ሸራውን ገና ለመስፋት ስናዘጋጅ፣ አባቴ አጽሙ ውስጥ ገባ። እግሩ ገብቷል። ጭኑ አግዳሚውን ሳይጫን ነክቶታል። ዳሌው በግራም በቀኝም ልክ ነው። ወደ ግራ ዘንበል ሲል ጀልባው አብሮት ዘነበለ፤ ወደ ቀኝ ሲልም እንዲሁ። እናቴ መስታወቱን ይዛ ነበር። እሱ ራሱን አላየም፤ ከመስታወቱ ጠርዝ በላይ እሷን ነበር የሚያየው።

«ልክ ነው» አለ።

«እንግዲያው ዛሬ እንውሰድህ» አለች እናቴ።

«ልባስ ሳይኖረው? ገላውን? ማክሰኞ።»

ያን ቀን እንዲሁ በፕላስቲክ ጠቅልለን ብንወስደው ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። በሚቀጥለው ማክሰኞ በዳሌውና በእንጨቱ መካከል አንድ ጣት ገባ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ተለወጠች። ጀልባውን «ያ ግርግር» ትል የነበረችው ሴትዮ አባቴን ለጀልባው ልክ ማደለብ ጀመረች። በሁለት ሰዓት በሁለት ሰዓት ታጎርሰዋለች፤ ሲያልቅ እጁን ይዛ አጽሙ ውስጥ ታስገባውና ጣቷን ትሰድዳለች። ክሊኒክ ስንሄድ ሐኪሙ ክብደቱ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ።

«በግራ ሁለት ጣት፣ በቀኝ ሦስት» አለችው።

«ኪሎውን ነው የጠየቅኩት እናቴ።»

«እኔም ኪሎውን ነው የምነግርህ። ባለፈው ሁለት ሁለት ነበር።»

ሐኪሙ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ «ሚዛን ይዋሻል፤ ልብስ ግን አይዋሽም» አለው። ሐኪሙ የሆነ ነገር ጻፈ። ሁለት ጣት ብሎ የጻፈ መሰለኝ።

እኔ በበኩሌ ቀንም ሆነ ምሽት ሸራ እሰፋ ነበር። የስፌት መኪናው ሸራውን አልሰፋ ስላለ በእጅ፣ በወፍራም መርፌ፣ በድርብ ክር። አባቴ አልጋ ላይ ሆኖ በድምፁ ብቻ ስፌቱን ያውቀው ነበር። «ያቺ ረዘመች» ይላል ከመኝታ ቤት። እፈታታለሁ። ውሃ እንዳያስገባ ሦስት ጊዜ ዘይት ቀለም ቀባነው፤ ሳሎን ውስጥ ተንጠባጠበ፤ እናቴ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ያኔ ነው የፈራሁት።

ጀልባው ባለቀ ቀን አራት ጣት ደርሶ ነበር፣ በግራም በቀኝም።

ሌላ ጣጣ መጣ። ጀልባው በደረጃው መዞሪያ አይታጠፍም፤ በመስኮት መውረድ አለበት። አባቴም ደረጃውን በእግሩ መውረድ አቅቶታል፤ ከመኝታ ቤት ሳሎን ሲደርስ ነው የሚደክመው። አጎቴ መኪናውን ከመስኮታችን ሥር አቁሞ፣ አናጢው ሲሚንቶ የሚጎተትበትን መዘውር ከጣራው ወጋግራ ላይ አስሮ፣ ሁለቱ ማን ቀድሞ ይውረድ በሚለው ይከራከራሉ።

«መጀመሪያ ጀልባው፣ ከዚያ ሰውየውን ተሸክሜ» ይላል አጎቴ።

«መጀመሪያ ሰውየው፤ ገመዱ እንዳይላላ» ይላል አናጢው።

እናቴ ትራሶች ይዛ መጣች። «ሁለቱም የሚሄዱት ወደ አንድ ቦታ ነው» አለች። «ለምን ሁለት ጊዜ ትለፋላችሁ?»

ክርክር የለም። አባቴን ንጹሕ ሸሚዝ አለበስነው፤ ጀልባው ውስጥ አስገባነው፤ በግራና በቀኝ ትራስ ጠቀጠቅን። መሐረብ ኪሱ ውስጥ ከተትን። አጎቴ፣ አናጢው፣ እኔና እናቴ ገመዱን ይዘን፣ አንድ ልብስ ሰፊ በመስኮት ለቀቅን።

አልፈራም። ያንን ነው ለሰው ማስረዳት የሚከብደኝ። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ሳየው መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ወደ ፊት እያየ፣ በጣም ቀስ ብሎ ይወርዳል። ነፋስ ሲመጣ ጀልባው ዞር ይላል፤ እሱም አብሮ ዘንበል ይላል። መንገደኛው ቆመ። አንዲት መኪና ቆመች። አንደኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ መዘውሩ ነከሰና ቆመ።

አንደኛ ፎቅ የሚኖረው ጡረተኛ መስኮቱን ከፍቶ ጥርሱን ይፍቅ ነበር። አባቴ ፊት ለፊቱ በአየር ላይ ጀልባ ውስጥ ተቀምጧል። ሁለቱ ተያዩ።

«ጋሽ ማክሰኞ» አለ ጡረተኛው።

«እንደምን አደርክ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሱሪዬስ?»

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው።»

«የሚቀጥለው።»

ጡረተኛው ጀልባውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየ። «የሱሪዬን ክር ነው እንዴ እዚህ ላይ የጨረስከው?»

«ያንተ ቡናማ ነው። ይሄ ጥቁር ነው» አለው አባቴ ቅር ብሎት። መዘውሩም ለቀቀ።

አናጢው መዘውሩን ሊፈታ ቀረ፤ እኛ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ግድብ ስንሄድ አባቴ መኪናው ላይ ከጀልባው አልወረደም። አጎቴ በቀስታ ይነዳል፤ ከኋላችን የሚመጡ መኪኖች «ረጅም ተሽከርካሪ» የሚለውን እያነበቡ ቀስ ብለው ይከተሉናል። በየመታጠፊያው አባቴ መቅዘፊያውን በሚታጠፍበት በኩል ያወጣ ነበር።

ውሃው ዳር ስንደርስ ጀልባውን ሣር ላይ አወረድነው። ውሃው ዝም ያለ ነበር። አጎቴ ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ሰብስቦ ሊገፋ ተዘጋጀ። አባቴ «ቆይ» አለ። ትራሶቹን አንድ በአንድ አወጣና ሣሩ ላይ ደረደራቸው። ከዚያ ወደ ግራ ዘንበል አለ። ጀልባው አልተከተለውም። ወደ ቀኝ ዘንበል አለ። እሱ ውስጡ ተንቀሳቀሰ፤ ጀልባው ባለበት ቆመ።

መቅዘፊያውን ሣሩ ላይ አስቀመጠ።

«አውጡኝ» አለ።

«በትራሱ ሂድ» አለችው እናቴ። «ማን ያይሃል? አንድ ጊዜ ነው ያልከው።» ትራሶቹን ከሣሩ ላይ አነሣች። «እኔ እገፋሃለሁ፤ እስከ ደረቴ እገባለሁ።»

«አንቺ ሴትዮ» አላት ለስለስ ብሎ፣ «ልኩ ያልሆነ ከሱቄ ወጥቶ ያውቃል?»

አጎቴ ብብቱን ይዞ አወጣው። አባቴ እየተደገፈ ጀልባውን ዞረው። ተንበርክኮ ጥልቀቱን በራሱ ጭብጥ ለካ፤ አውራ ጣቱ አልፎ ወጣ። እንደገና ለካ። ቀና ብሎ አየኝ።

«በማን ጭብጥ ነው የለካሽኝ?»

«በራሴ ነዋ» አልኩት። «ሜትሩ ሰፊው ጋ ነው ያለው።»

«ርዝመቱንስ?»

እጄን ዘርግቼ አሳየሁት። መጽሐፉ የባለቤቱ ማለቱ ያኔ ገባኝ፤ ፊቴ ጋለ። ላለቅስ ስል አባቴ መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ከአቅሙ በላይ ስለነበር አጎቴ ወገቡን ይዞለት ነበር የሚስቀው።

«ዳሌውስ?» አለ ትንፋሽ ሲያገኝ። «ዳሌው የኔ ነበር።»

«ያኔ ዳሌያችሁ እኩል ነበር» አለች እናቴ። «ሱሪህን ተበድራ ቀለም ትቀባበት ነበር።»

«ግቢ» አለኝ።

«አባባ፣ እኔ አይደለሁም የምፈልገው።»

«ደንበኛ አይናገርም። ግቢ።»

ገባሁ። ጭኔ አግዳሚውን ሳይጫን ነካው። ወደ ግራ ዘንበል ስል ጀልባው ዘነበለ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። አባቴ ሱሪውን ሳይሰበስብ ውሃ ውስጥ ገባ፤ እስከ ጉልበቱ፣ ባልዲ የሚፈራው ሰውዬ። አጎቴ ከኋላ ይዞታል። ትከሻዬን አቃና፤ በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ሸራ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረገ፤ ስፌቱ ላይ የቀረች የክር ጫፍ በጥርሱ ሊበጥሳት ጎንበስ አለ። ከዚያ ገፋኝ።

«ዙሪ» አለ ከዳር። ዞርኩ። «በዚያ በኩልም።» በዚያ በኩልም ዞርኩ። እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ፣ አርባ ዓመት ሰው እንዳየበት ዓይን አየኝ። «ራቅ በይ፤ ከሩቅ እንዴት እንደሚወርድ ልየው።» ራቅኩ። ውሃው መሃል ደርሼ ስመለከት ሦስቱም ዳር ላይ እንደ ቁልፍ ተሰልፈው አንሰው ይታዩ ነበር። አባቴ እጁን አነሣ። በቃ፣ ይሄዳል ማለት ነው፤ ሱቅ ውስጥም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

ወደ ቤት ስንመለስ አጎቴ አዝሎ ደረጃውን አወጣው። አባቴ በትከሻው ላይ ሆኖ የአጎቴን የኮት አንገት ያስተካክል ነበር።

ከዚያ ሁለት ማክሰኞ ብቻ ነበረን።

ሱቁን ባለፈው ወር ከፈትኩት። ጀልባው ከጣራው ላይ ተሰቅሏል፤ ሰው ሲገባ ቀና ይልና እኔን ይጠይቃል። መደርደሪያው ሥር የጡረተኛውን ቡናማ ሱሪ አገኘሁት። ተቆርጦ፣ ለጊዜው በረጃጅም ስፌት ተያይዞ፣ መርፌው እንደተሰካበት። አባቴ ባቆመበት ጀምሬ ጨረስኩት፤ ቀመቀምኩት፤ በካውያ ተኮስኩት፤ ግራና ቀኙን ሦስት ጊዜ ለካሁ፣ በሜትር። ወዲያው ይዤለት ሄድኩና በሩን አንኳኳሁ።

ጡረተኛው ሱሪውን ተቀበለኝ። ዘርግቶ በብርሃን አየው፤ ወገቡ ላይ አስጠጋው። ልኩ ነበር። ግን ፊቱ አልፈታ አለ። ሱሪውን አጥፎ ብብቱ ሥር ያዘው።

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» አለኝ።